ጠፋች እንጂ አላጠፋችም

«ወይዘሮ አልማዝ፣ እዚህ የተጻፈውን ላንብብልዎት» አለኝ አስተርጓሚው። መልኩን አላውቀውም፤ ድምፁ ብቻ ነው ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ከተቀመጠው ስልክ የሚወጣው። «‹እናትየዋ፣ ልጄ ከአቅሜ በላይ ናት፣ እሰሩልኝ ብለው ጠይቀዋል› ይላል።»

ከካውንስሉ፣ ከአካባቢው አስተዳደር፣ የመጣችው ሶሻል ወርከር ጃኔት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታየኛለች። ስልኩ የሷ ነው።

«እኔ ነኝ እንደዚህ ያልኩት?»

«አዎ፣ እርስዎ። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ልጅቷ የተገኘች ቀን።»

«እና ታዲያ?»

ጃኔት ረዘም አድርጋ ተናገረች። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገ ጠዋት በእንግሊዝ ሰዓት አስር ተኩል ላይ ፍርድ ቤት ይቅረቡ። ካውንስሉ ልጅዎ ህሊና በሩ በሚቆለፍ የልጆች ቤት እንድትቀመጥ ዳኛዋን ፈቃድ ሊጠይቅ ነው። ቤቱ ከለንደን ውጭ ነው፤ በባቡር አራት ሰዓት ያስኬዳል። ለጊዜው እስከ ሦስት ወር ነው እያለች ነው።»

አገሬ እያለሁም፣ ስሰደድም፣ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ፈርቼ አላውቅም። ምክንያቱም ልጄን ሊወስድብኝ የመጣው የሰው ቃል አይደለም። የገዛ አፌ ነው።

ከሥሩ ላውራችሁ። ያን ጊዜ ፓርክ ሮያል፣ ሳንድዊች ፋብሪካ ነበር የምሠራው። ሺፍቴ ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል። ህሊና ስትነሳ እኔ የለሁም፤ ቁርሷን ሸፍኜላት እወጣለሁ። አባቷ ከተለየን ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ሌላ ከተማ ሌላ ትዳር ይዟል። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አማርኛ እጽፋለሁ። እንግሊዝኛ ግን ትንሽ አፌ ላይ አለ እንጂ ዓይኔ ላይ የለም። ደብዳቤ ሲመጣ የምታነብልኝ ህሊና ናት። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የካውንስሉን፣ የሐኪሙን፣ የመብራቱን፣ ሁሉንም እሷ ነበረች። በኋላ ስትሄድብኝ ዓይኔንም ይዛው ነው የሄደችው።

አስራ አራት ሲሞላት ጠባይዋ ተለወጠ። ትምህርት ቤቱ ስልኬ ላይ መልእክት ይልካል። ማታ እሰጣታለሁ።

«ምን ይላል?»

«ነገ ዩኒፎርም ቼክ ያደርጋሉ ነው የሚለው ማሚ።»

ተነስቼ ዩኒፎርሙን እተኩሳለሁ። ለካ የሚለው «ልጅዎ ዛሬም አልመጣችም» ነው። ሁለት ወር ሙሉ ለዚያ መልእክት ስተኩስ ከረምኩ። አሁን እንስቅበታለን። ያን ጊዜ የሚያስቅ አልነበረም፤ በመሃል ሁለት ጊዜ ውጭ አደረች።

አንድ እሁድ ከሰዓት ፀጉሯን እየጎነጎንኩላት ነው። ይህቺን እሁድ ሁለታችንም እንወዳታለን። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ትልና ጀርባዋን ለጉልበቴ ትሰጣለች። ግማሹን ጨርሻለሁ፤ ስልክ ጮኸ። የማላውቀው ስልክ ነው፣ አዲስ።

«ይሄን ማን ሰጠሽ?»

«ፍሬንዴ።»

«የትኛዋ ፍሬንድሽ ናት ስልክ የምታድለው?»

«ኦ ማይ ጎድ፣ ማሚ፣ ስቶፕ ኢት።»

ያኔ ነው ያቺን የለንደን እናቶች ሁላችንም የምንላትን ያልኩት። «አገር ቤት ወስጄ ለአክስትሽ ነው የማስረክብሽ! ፓስፖርትሽ እጄ ላይ ነው!»

ግማሽ ፀጉሯ ተጎንጉኖ ግማሹ ተበትኖ ተነሳች። ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ቁርሱ እንደተሸፈነ ነው። አጠገቡ የቤቷን ቁልፍ አስቀምጣለች።

አራት ቀን ጠፋች። ፖሊስ ያገኛት የረጅም መንገድ አውቶቡስ መነሻ ላይ ነው፤ አንድ ትልቅ ሰው አብሯት ነበር፣ ፖሊስ ሲያይ ሮጠ። እጇ ላይ ስሙን ሰምታው ወደማታውቅ ከተማ የሚወስድ ትኬት ነበር። ምንም አልሠራችም አሉኝ። አልሰረቀችም፣ ማንንም አልነካችም፣ ቦርሳዋ ውስጥ ልብስ ብቻ ነው ያለው። ግን ያን ስልክ የሰጣት ሰውየው እንደሆነ፣ ዕፅ ሊያሸክማትም እንደነበረ ነገሩኝ። ደስታውም ፍርሃቱም ንዴቱም ባንዴ መጣብኝ። ጃኔት በስልክ አስተርጓሚ «ምን እናድርግልሽ?» ስትለኝ ጮህኩ፤ «ከአቅሜ በላይ ናት፣ እሰሩልኝ!»

የዚያን ቀን ወደ ቤት አልመለሷትም። የሰው ልጅ ለጊዜው የምትይዝ አንዲት ፎስተር ሴትዮ ቤት፣ የከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወሰዷት። ከዚያም ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ጠፍታ ከሰፈራችን ብዙ በማይርቀው ዋይት ሲቲ ባስ ፌርማታ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኟት። ልጠይቃት ብል «አይሆንም፣ ልታይሽ አልፈለገችም» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ሳላነሳ ኖርኩ። ፋብሪካው ውስጥ ዳቦው በፊቴ ያልፋል፣ እጄ ይሠራል፣ እኔ ግን የለሁም። እንደሷ ያለ ጃኬት የለበሰች ልጅ ባስ ላይ ካየሁ ፌርማታዬን አልፌ እሄድ ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ጃኔት መጥታ ያን ወረቀት ያስነበበችልኝ። «ፋሚሊ ኮርት» ብላ ደብዳቤውን ሰጥታኝ ሄደች። ለኔ ኮርት ኮርት ነው። ደብዳቤውን ዶክመንቶቼን ሁሉ የምይዝበት ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። ያ ፌስታል ከኔ አይለይም፤ የቤት ውሉ፣ የልደት ወረቀቷ፣ ፓስፖርቷ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ወረቀት ሲጠይቁኝ ባዶ እጄን ከመገኘት ብዬ።

ፍርድ ቤቱ የት እንደሆነ ማንን ልጠይቅ? ደብዳቤውን ለሰው ባሳይ ሰፈራችን ሃርልስደን ሙሉ ይሰማል ብዬ አፈርኩ። ከታች ወደሚኖሩት ጋሽ ወንድሙ ወረድኩና፣

«ጋሽ ወንድሙ፣ የልጆች ፍርድ ቤት የት እንደሆነ ያውቃሉ? ለአንዲት ጓደኛዬ ነው።»

«ልጆች የሚቀርቡበት? እዚሁ ቅርብ ነው እንጂ! የእህቴ ልጅ ጊዜ ስንት ቀን ተመላለስኩበት መሰለሽ። ባሱ በሩ ላይ ነው የሚያወርድሽ… ማለቴ ጓደኛሽን» አሉና ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። ገብቷቸዋል። እኔ ግን አልነገርኳቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። ጥበቃው ፌስታሌን በረበረ። ስም ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ ዝርዝሩን አየ፣ ራሱን ነቀነቀና አሸሯ ስትመጣ ትጠይቂያለሽ ብሎ ወንበር አሳየኝ። አሸር ማለት ካባ ለብሳ ስም የምትጠራዋ ናት። ተቀመጥኩ። ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አንዷ እናት ፊቷን በስካርፍ ሸፍናለች። ከወዲያ በኩል በር በተከፈተ ቁጥር ልጄን እጇ ታስሮ ሊያመጧት ነው እያልኩ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። «እመቤቴ ማርያም፣ እመቤቴ ማርያም» እላለሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ሐበሻ ነሽ?» አለችኝ አጠገቤ ያለችው ሴት።

ለተብርሃን ትባላለች። ኤርትራዊት ናት፣ ግን አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ነው ያደገችው። ከነጠላዋ በቀር ሁሉ ነገሯ ጥቁር ነው። ልጇን ከጠበቃዋ ጋር አንዲት ክፍል አስገብተዋት ውጭ እየጠበቀች ነበር።

«ያንቺስ ምን አጥፍታ ነው?» አለችኝ።

«ጠፍታ ነው።»

«እኮ፣ ምን አጥፍታ?»

«ጠፍታ ነው እኮ የምልሽ።»

«አንቺ፣ አማርኛዬ ዝጓል እንዴ? ሰው መታች? ሰረቀች?»

«ኧረ ምንም! ትምህርት ቤት ትቀራለች። ከዚያ ከቤት ጠፋች። አገኟት፣ ደግሞ ጠፋች።»

ለተብርሃን ሙሉ በሙሉ ወደኔ ዞረች። «ቆይ። ጠፋች ነው አጠፋች?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ሁለቱን ለይቼ አላውቅም። ከቤት የወጣች ሴት ልጅ ለኔ ጥፋተኛ ናት፤ አለቀ።

«ጠፋች» አልኩ።

«የኔ አጥፍታለች» አለች ለተብርሃን። «ባስ ውስጥ የሰው ልጅ ፊት በጠርሙስ መታች። ሰፏት ልጅቷን። እዚህ ቤት የሚመጣው ያጠፋ ነው። የጠፋ እዚህ ምን ያደርጋል? ደብዳቤሽን አምጪ እስቲ።»

ፌስታሉን ገለበጥኩት። ደብዳቤውን እያነበበች ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይሄ ፋሚሊ ኮርት ነው፣ የቤተሰብ ጉዳይ የሚታይበት! ሌላ ቤት ነው፣ መሃል ከተማ! አስር ተኩል ይላል፣ አሁን አስር ከሃያ ነው! ማነው እዚህ ያመጣሽ?»

«ራሴ።»

ተነሳች። ስልኳ ላይ ታክሲ ጠራች። አሸሯን ክንዷን ይዛ ጎትታ አመጣቻት፣ በእንግሊዝኛ አጣደፈቻት፤ አሸሯም ደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥር ጋ ደውላ «እናትየዋ መንገድ ላይ ናት» አለችልኝ። ለተብርሃን በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ስንሳሳም ከኋላ የልጇን ስም ጠሩ።

«ሂጂ፣ ሂጂ» አለችኝ። «ያንቺ በር ገና አልተዘጋም።»

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች።

መንገዱ አላልቅ አለ። በየመብራቱ እንቆማለን። ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ «ኦኬ?» ይለኛል። «ማይ ዶተር» ከማለት ሌላ እንግሊዝኛ አልመጣልኝም። ምን እያሰብኩ ነበር መሰላችሁ? ስለ ዳኛዋ አይደለም። ህሊና ወንበር ላይ ተቀምጣ በሩን እያየች ነው። በሩ አይከፈትም። «እሰሩልኝ ያለችው እናቴ፣ ሲያስሩኝ እንኳ ለማየት አልመጣችም» ትላለች። ይህንን ነው የማስበው።

ስደርስ አስራ አንድ ሰዓት አልፏል። አንዲት ወጣት ልጅ ደረጃው ላይ ትጠብቀኛለች። «ወይዘሮ አልማዝ ነዎት? አስተርጓሚዎ ነኝ። ጀምረዋል፤ ቶሎ ይግቡ።»

እንደጠበቅኩት አልነበረም። ፖሊስ የለም። የተከሳሽ ሳጥን የለም። ረጅም ጠረጴዛ፣ ውሃ በብርጭቆ፣ ነጭ ፀጉር ያላት መነጽር ያደረገች ዳኛ። ጃኔት፣ የካውንስሉ ጠበቃ፣ የልጄ ጠበቃ። እና ልጄ።

ከስታለች። ፀጉሯን አየሁት። እኔ የጎነጎንኩት ግማሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይፈታ፣ ተንጨብርሮ እንዳለ ነው። ሌላውን ግማሽ በላስቲክ አስራዋለች። ቀና ብላ አየችኝና ወዲያው ፊቷን መለሰች። አገጯ ግን ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ዳኛዋ በአስተርጓሚዋ በኩል ጠየቀችኝ። «ልጄን እሰሩልኝ ብለው ጠይቀዋል ተብሎ ተጽፏል። እውነት ነው?»

አይደለም ብል መዋሸቴ ነው። «ብያለሁ» አልኩ። ህሊና ጠረጴዛውን እያየች ነው።

«አሁንም ይፈልጋሉ?»

«ክብርት ዳኛ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አልኩ። «እኔ ደሴ ነው ያደግኩት። በዘጠኝ ዓመቴ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ገበያ ስዞር አባቴ ያዘኝ። እጄን ይዞ ጣቢያ ወሰደኝና ለፖሊሱ፣ ለባሻ ይመር፣ ‹ይቺን እሰሩልኝ› አላቸው። ባሻ ዓይናቸውን ጠቀስ አድርገውለት ‹እናስራታለን› አሉ። አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ሲመሽ ጅብ እንደሚመጣ ነገሩኝ። ከዳቧቸው ቆርሰው ሰጡኝ። ፀሐይ ሳትገባ አባቴ መጥቶ አዝሎ ወሰደኝ። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው የሰማሁት፤ ለካ ሥራ አልሄደም፣ ቀኑን ሙሉ ከጣቢያው አጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የዋለው።»

አስተርጓሚዋ ቀስ እያለች ተረጎመችው።

«እኛ ጋ እሰሩልኝ ያለ ሰው ከአጥሩ አይርቅም» አልኩ። «አስፈራሩልኝና መልሱልኝ ማለቴ ነው። እዚህ አገር ቃል ከተጻፈ እንደተጻፈ እንደሚቀር አላወቅኩም። አራት ሰዓት በባቡር ከወሰዳችኋት እኔ በየትኛው ድንጋይ ላይ ነው የምቀመጠው?»

የካውንስሉ ጠበቃ ልጅቷ አራት ጊዜ እንደጠፋች፣ ሰውየው እንዳልተያዘ፣ አምስተኛው ጊዜ ላትገኝ እንደምትችል ተናገረ። ክፋት የለበትም። እኔም የምፈራው ያንን ነው።

ያኔ ህሊና ለጠበቃዋ አንሾካሾከች። ዳኛዋ እንድትናገር ፈቀደችላት። በእንግሊዝኛ ጀመረች፣ ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ማሚ፣ ላስት ታይም እኮ… እኔ ቤት ነው የመጣሁት። ኖክ አደረግኩ። በሩን ብዙ ኖክ አደረግኩ። አንቺ የለሽም።»

አራተኛ ጊዜ ጠፋች ብለው የጻፉባት ቀን፣ ልጄ ወደኔ እየመጣች ነበር። እኔ ሺፍት ላይ ነበርኩ። ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ ትታ ስለሄደች መግባት አልቻለችም። ከዚያ የት እንደምትሄድ ጠፍቷት ፌርማታ ላይ ተቀመጠች።

«ለምን አልጠበቅሽኝም?» አልኳት፤ ዳኛ ፊት መሆኔን ረስቼ።

«ወደ አክስቴ ትልኪኛለሻ! ፓስፖርቴ አንቺ ጋ ነው አይደል?»

ፌስታሉን አነሳሁ። ከወረቀቶቹ ሁሉ መሃል ፓስፖርቷን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ፣ ጃኔት ፊት አስቀመጥኩት። «ይኸው። እነሱ ይያዙት። አንቺ ራስሽ ስጡኝ እስክትይ ድረስ እኔ አልነካውም። በአፌ ነው እንጂ በልቤ የትም ልኬሽ አላውቅም።»

ዳኛዋ ሁላችንንም ለግማሽ ሰዓት አስወጣችንና እነ ጃኔት እንዲነጋገሩ አዘዘች። ኮሪደሩ ላይ ህሊና ከጠበቃዋ ጋር ወዲያ ጫፍ፣ እኔ ከአስተርጓሚዋ ጋር ወዲህ ጫፍ። መሃላችን አስር እርምጃ አይሞላም። አስር እርምጃ እንደዚያ ርቆኝ አያውቅም።

ስንመለስ ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። «ይህች ልጅ ወንጀል ሠርታ አይደለም እዚህ የመጣችው» አለች። «በር የሚቆለፍባት ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት የታየኝ መንገድ አልነበረም። አሁን አለ።» እኔ ሺፍቴን ልለውጥ፣ ጃኔት በሳምንት ሁለት ቀን ልትመጣ፣ ያ ስልክ ለፖሊስ ሊሰጥ፣ ህሊና የምትሄድበትን ልትናገር ተስማማን። ከዚያ አስተርጓሚዋ፣ ሥራዋ እንዳልሆነ እያወቀች ፈገግ ብላ፣ «ዛሬ ይዘዋት ይሄዳሉ» አለችኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ እኔ አስተማሪ አይደለሁም። ግን ያቺ ቀን የቀየረችኝን ልንገራችሁ። «አገር ቤት እልክሻለሁ» የሚለውን ቃል ከቤቴ አውጥቻለሁ። ደብዳቤ ሲመጣ «ለጓደኛዬ ነው» ማለት ትቻለሁ፤ አፍሬ የደበቅኩት ደብዳቤ ልጄን ሊያስወስድብኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ እማራለሁ፣ የትምህርት ቤቱን መልእክት ራሴ አነባለሁ። ለተብርሃንን ፈልጌ አገኘኋት። ልጇ አልታሰረችም፤ በየሳምንቱ ለሚከታተላት ቢሮ ሪፖርት እያደረገች ነው። አንድ ቀን «የኔ ፍርድ ቤት ለጠፉት፣ ያንቺ ፍርድ ቤት ላጠፉት» አልኳት፣ ቃሏን አስታውሼ። «እሱስ ልክ ነው፣ ቤቱ ይለያይ» አለችኝ። «ግን የኔም እኮ መጀመሪያ ጠፍታ ነው በኋላ ያጠፋችው። ስትጠፋ አላየኋትም።» ልጃችሁ ላይ እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ጠፋች ወይስ አጠፋች ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የጠፋ ልጅ ቅጣት አይደለም የሚፈልገው፤ የሚፈልገው ሰው ነው።

የዚያን ቀን በባስ ነው የተመለስነው። ላይኛው ፎቅ፣ ፊት ለፊት ወንበር ላይ። ግማሽ መንገድ ላይ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች፤ የተንጨበረረው ጉንጉን አንገቴን ወጋኝ። አልተንቀሳቀስኩም።

ሃርልስደን ወረድን። ጋሽ ወንድሙ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። «ጓደኛሽ ተሳካላት?» አሉኝ።

«ጓደኛ የለኝም ጋሽ ወንድሙ፣ እኔው ነኝ» አልኳቸው። «ተሳካልኝ።»

«ተመስገን!» አሉና ህሊናን ግንባሯን ሳሟት።

በራችን ጋ ስንደርስ ቁልፏን ከፌስታሉ አወጣሁ። ሦስት ሳምንት ከዶክመንቶቹ ጋር ይዤው ነበር የምዞረው። እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። «ክፈቺ» አልኳት።

ከፈተች። ጫማዋን አወለቀች፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ማበጠሪያው እዚያው ነበር። ልጄ ቤት ገብታለች። ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ።